ለሽቦ የተጻፈው መልስ

ሽቦ ወደዚያ ላቦራቶሪ የገባው ለአሥር ቀን ሥራ ነበር። ስድስት ሳምንት ቆየ። ለምን እንደቆየ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም።

“ሽቦ” የሚለውን ስም ያወጡለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ረጅምና ቀጭን ስለነበረ ነው፤ ኋላ አድጎ የኮምፒውተር ኔትዎርክ ባለሙያ ሲሆን ግን ስሙ ሥራውን ቀድሞ ያወቀለት መሰለ።

ላቦራቶሪው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከየሆስፒታሉ የሚመጣው ናሙና ታች ይገባል፣ መሐል ላይ ተዘጋጅቶ ፎቶ ይነሳል፣ ላይ ደግሞ ሐኪም አይቶት “ክፉ ነው” ወይም “ደህና ነው” ብሎ ውጤቱን ይጽፋል። ፎቶውም ውጤቱም የሚቀመጠው በአንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ነው፤ የሕንፃው ኮምፒውተሮች ሁሉ በኔትዎርክ የሚደርሱበት ትልቅ የፋይል ጎተራ በሉት። ከዚህ ጎተራ እያወጣች፣ ስም እየሰጠች፣ ወደየሆስፒታሉ የምትልከው መዝገብ ያዥዋ ነበረች። እሷ የታመመች ቀን ውጤቱም አብሯት ይተኛል። የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተሩ በዚህ ተማረሩና ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም አስመጡ። ፕሮግራሙን ከጋራ ማከማቻው ጋር እንዲያገናኝ የተቀጠረው ሽቦ ነው።

ለዶክተሩ ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር። የዚያን ሕንፃ ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወለወለችው ሴት እናቱ ናት።

ይደበቅ ያለችው እሷው ናት። ሥራ ሊጀምር ሲል፣ ሸሚዙን እየተኮሰችለት፣ “ስማ፣ እዚያ ስታየኝ እማዬ እንዳትለኝ” አለችው።

“ለምን?”

“የጽዳቷ ልጅ ካሉህ የፈለግከውን ያህል ብታውቅ ባልዲ ነው የሚያሲዙህ። እንደ ሰዉ ሁሉ እትዬ በለኝ።”

“እኔ አላፍርብሽም እኮ፣ እማዬ።”

“አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምሳሳልህ። አደራ።”

እሺ አለ። በልቡ ትንሽ ቀለል እንዳለው ግን ለራሱም አልነገረውም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቷ ቢሮ ቀጥሎ፣ በመስታወት ግድግዳ ውስጥ የምትሠራው ሐኪም የዶክተሩ አንድያ ልጅ ናት። ሠራተኞቹ በሌለችበት “ጭምት” ይሏታል። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የሰው ዕጣ ስታነብ ትውላለች፤ ክፉ ውጤት የጻፈች ቀን ምሳ አትበላም።

ሽቦ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን በውስጥ ስልክ ደወለላት። “ዶክተር፣ ይቅርታ። ማከማቻው ውስጥ ‘ሙከራ’ የሚል ፎልደር ከፍቻለሁ። አንድ ፋይል ጽፈው ቢያስቀምጡልኝ፣ ፕሮግራሙ ማንሳት አለማንሳቱን ላይ ነበር።”

“ምን ልጻፍ?”

“የፈለጉትን።”

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ታየ። ፕሮግራሙ አላነሳውም። ሽቦ ከፈተው። “የፈለግሽውን ጻፊ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበውና መልስ ጻፈ፦ “እንግዲያው ነገም ይጻፉ። ፕሮግራሙ አልሠራም።”

ነገም ጻፈች። ከነገ ወዲያም። ፕሮግራሙ ሽቦ ራሱ ሲያስነሳው ይሠራል፤ በራሱ ሲነሳ ግን “መንገዱ አልተገኘም” ብሎ ይቆማል። “ሥራዬን ሊቀማኝ የመጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር” ትላለች መዝገብ ያዥዋ እየሳቀች፤ “ለካ እሱ ራሱ በር ላይ የቀረ እንግዳ ነው!”

በሁለተኛው ሳምንት “እርስዎ” ቀረና አንተና አንቺ ሆኑ። አንድ ደንብም አወጡ፤ ያነበበ ይሰርዛል። ማለዳ ሽቦ ፎልደሩን ሲከፍት የእሱ ደብዳቤ ከሌለ እንዳነበበችው ያውቃል፤ በቦታው የእሷ ይጠብቀዋል።

“ዛሬ አንድ ናሙና ሦስት ጊዜ አየሁት” ብላ ጻፈች አንድ ቀን፤ “የመጀመሪያውን ማመን ስላልፈለግኩ ነው። ሴትዮዋ እኩያዬ ናት። ምሳ አልበላሁም።”

“እኔም አልበላሁም፤ እኔ ግን ረስቼ ነው። ነገ አብረን እንብላ፤ አንቺ ላይ፣ እኔ ታች፣ እኩል በስድስት ተኩል።”

በማግስቱ በስድስት ተኩል ሽቦ በኬብል ጥቅልሎች መሐል ተቀምጦ ዳቦውን ገመጠ። ከጣራው በላይ፣ ፎቆቹን አልፎ፣ አንዲት ሴት ከእሱ ጋር እየበላች ነበር። እንደዚያ ቀን የጠገበበት ቀን አልነበረም።

አንዳንዴ “ኬብል ልይ” ብሎ ይወጣል። ኬብሉ ምንም አልሆነም። በመስታወቱ በኩል ቀና ትልና ታየዋለች፤ ልክ ሦስት ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ጊዜ። አባቷ በሌላው መስታወት ባሻገር ተቀምጠዋል። “አባቴ የጓደኛቸውን ልጅ ካሰቡልኝ ሦስት ዓመት ሆናቸው” ብላ ጽፋለታለች። “እኔ ገና አላሰብኩም።” ሽቦ ያንን ደብዳቤ ለመሰረዝ እጁ እምቢ አለው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የፕሮግራሙን ችግር አገኘው። ማከማቻውን የጠራው በአጭር ስም ነበር፤ ያ አጭር ስም ደግሞ የሚታወቀው ሽቦ በራሱ ስም ሲገባ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ብቻውን ሲሆን ስሙንም አያውቀው፣ የሚያስገባው ፈቃድም የለው። ሙሉ አድራሻውን መጻፍ፣ ለፕሮግራሙ የራሱን መግቢያና ፓስዎርድ መስጠት፣ አለቀ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አልሠራውም። ሥራው ካለቀ ይሄዳል። “ነገ” አለ። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እናቱ ደረጃው ላይ አስቆመችው። መወልወያዋን እንደያዘች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ያቺ አረንጓዴ ሻርፕ የለበሰች ሴትዮ ዛሬም መጣች” አለችው። “ሦስተኛ ቀኗ ነው። መዝገብ ያዥዋ ታማለች፣ ውጤትሽ አልወጣም ይሏታል። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እጇን ስታይ ትውላለች። አንተ የምትሠራው ነገር ይሄንን እንዲያቃልል አይደል?”

“ትንሽ ይቀረዋል።”

እናቱ ጆሮውን አየች። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ይቀላል። “የኔ ልጅ” አለችው፣ “የምታደርገውን አላውቅም። የሰው ጭንቀት እጅህ ላይ ካለ ግን ቶሎ አስቀምጠው፤ ያቃጥልሃል።”

ሽቦ እንደ ሕፃን አፈረ። ባልዲውን ከእጇ ተቀብሎ ግንባሯን ሳማት። “እሺ፣ እማዬ።”

ቀና ሲል ጭምት ከበላያቸው ደረጃው ላይ ቆማለች። ገና ትናንት፣ እሷው ፊት፣ ለዚህችው ሴት “እትዬ፣ ትንሽ ያሳልፉኝ” ብሎ ነበር። ጭምት ፊቷን አዙራ ወጣች፤ የጫማዋ ድምፅ አንድ በአንድ ደረቱ ላይ አረፈ።

ሽቦ ወርዶ የአንድ ሰዓቱን ሥራ ሠራ። ፕሮግራሙ በራሱ ስም ማከማቻው ውስጥ ገባ፤ የባለ ሻርፗ ሴትዮ ውጤት ከሰዓት በፊት ለሐኪሟ ደረሰ። ደህና ነው የሚል ነበር። ሐኪሟ ደውሎ ሲነግራት ስታለቅስና ስትስቅ ድምጿ ሽቦ እስከሚሠራበት የሰርቨር ክፍል ተሰማ። ሽቦ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ዘጠኙን ቀን ቆጠረ።

ከሰዓት በኋላ ጻፈላት፦

“ያየሽው እውነት ነው፤ እናቴ ናት። እማዬ እንዳትለኝ አደራ ብላኝ ነው። ግን አደራው ተመችቶኝ እንደነበር አልክድሽም። ፕሮግራሙ ተገናኝቷል፤ ሥራዬ አርብ ያልቃል። ሩቅ ወደብ ላይ ሥራ ተገኝቶልኛል። ፈቃድሽ ከሆነ ከመሄዴ በፊት አባትሽን ፊት ለፊት አነጋግራለሁ። እስከ አርብ መልስሽን እዚሁ አስቀምጪልኝ። ባዶ ካገኘሁት ይገባኛል፤ አላስቸግርሽም።”

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤው ተሰርዟል። አንብባዋለች። መልስ ግን የለም።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሩ ወረዱ። “ልጄ፣ ሠራተኛው ፋይሉን የትም ነው የሚጥለው። ያንተ ፕሮግራም አንድ ፎልደር ብቻ እያየ ከሚያነሳ ማከማቻውን ሁሉ እያየ ያንሳልኝ” አሉት። ሽቦ እሺ አለ። ልቡ ሦስተኛ ፎቅ ነበር፤ እጁ ያዘዙትን ሠራ። የታካሚ ቁጥር ያለው ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ይሂድ፤ ቁጥር የሌለው ደግሞ “ያልታወቁ” ወደሚል ፎልደር፣ መዝገብ ያዥዋ እንድታየው።

አርብ በሦስት ሰዓት “ሙከራ”ን ከፈተ። ባዶ። በስድስት ከፈተ። ባዶ። በአሥራ አንድ ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተ። ከዚያ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ወደ ላይ አላየም። ጭምት ግን መስኮቱ ላይ ነበረች።

ማታ እራት ሲበሉ እናቱ “ያቺ የዶክተሩ ልጅ...” ብላ ጀመረች።

“እማዬ፣ በሞቴ። ስሟን አታንሺብኝ።”

አላነሳችም። ቃሉን የምታከብር ሴት ነበረች።

ወደቡ ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ሽቦ እዚያ የመጋዘኖችን ኔትዎርክ ሲዘረጋ ሰባት ወር ሆነው። በስምንተኛው እናቱ ተኝታ አልነቃችም ብለው ደወሉለት።

ለቀብሩ ላቦራቶሪው ሁሉ መጣ። ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ የሽቦን እጅ ይዘው፣ “አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ልጇ መሆንህን እንኳ አልነገረችኝም” ብለው አለቀሱ። ከኋላቸው ጭምት ጥቁር ለብሳ ተጠጋችው። ዓይኗ አብጧል።

“እግዜር ያጽናህ” አለችው።

ሽቦ አያት። “ልታዝንልኝ የመጣች ሀብታም” አለ በልቡ። “ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ዶክተር።”

‘ስለመጡ።’ ጭምት ‘እርስዎ’ እንደገና መመለሱን ሰማች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ገፋት፣ አለፈች። በሁለተኛው ወር ሠርግ መደገሷን ሽቦ ከመዝገብ ያዥዋ ሰማ።

ላቦራቶሪውን ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ዶክተሩ ደወሉ። ማከማቻው ሞልቷል፣ ፕሮግራሙ ቆሟል፣ ሕመምተኛ አግዳሚውን ሞልቷል። “አንተ የሠራኸውን አንተው እወቅበት” አሉት። ባይመጣ ደስ ባለው። ግን “አግዳሚው” የሚለው ቃል አስመጣው።

መዝገብ ያዥዋ አቅፋ ሳመችው። የቱ ፋይል ቦታ እንደያዘ ሲያይ “ያልታወቁ” ውስጥ አንድ ሺህ አራት መቶ ተከማችቷል።

“ይሄን አይተሽው አታውቂም እንዴ?”

“ያልታወቁትን እኔ ከየት አውቃቸዋለሁ ብዬ ተውኳቸው!” አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። እየሳቀ ከአሮጌው ጀምሮ ማየት ጀመረ፤ ባዶ ገጽ፣ የምሳ ተራ፣ የተደገመ ፎቶ። ከመጀመሪያዎቹ መሐል አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። ቀኗ ያ ሐሙስ ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

ከፈታት።

“ሽቦ፣

ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ልጅ በመሆንህ እንዳይመስልህ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ኬብል፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ልጅነትህ ስትጽፍልኝ እናትህ አንድም ቦታ የሉም። እኔ እናቴን ያጣሁት በአራት ዓመቴ ነው። እማዬ የምለው ሰው ቢኖረኝ ከሦስተኛ ፎቅ ሆኜ እጣራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወርጄ አገኘኋቸው። ባልዲውን ልያዝልዎት ብላቸው ‘ልብስዎ ይቆሽሻል’ ብለው ከለከሉኝ። ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያሳደጉህን አሳዳደግ ነገሩኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ቅያሜዬ እዚያው ቀረ።

መልሴ አዎ ነው። አባቴን ግን ብቻህን አታነጋግር። አብረን እንግባ፤ ቢቆጡም ቆመን እንሰማለን። ወደብ ላይም የታመመ ሰው አለ፣ እኔም ሥራ አላጣም።

አርብን አትጠብቅ። ይህን እንዳነበብክ ውጣ። እየጠበቅኩህ ነው።”

መዝገብ ያዥዋ “ምነው፣ ምን ሆንክ?” አለችው። ወረቀት ላይ አትሞ ይዞ ወጣ። ደረጃውን ሲወጣ ቆጠረው፤ አርባ ስምንት ነው።

ጭምት መስታወቱ ውስጥ ነበረች። ሆዷ ገፍቷል፤ ወንበሯን ከማይክሮስኮፑ ራቅ አድርጋ ተቀምጣለች። ስታየው ተነሳች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። የራሷን ቃል እንደ ሰው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

“ለምን አመጣህልኝ?” አለች ድምጿ ተሰብሮ። “ያኔ አንብበኸው የለም?”

“አሁን ነው ያነበብኩት። ሩብ ሰዓት አልሞላኝም።”

“ጠፍቶ ነበር እኮ! አስቀምጬ ብመለስ የለም። ያነበበ ይሰርዛል ብለን...”

“ፕሮግራሙ ነው ያነሳው። ሐሙስ ጠዋት የተገኘውን ሁሉ አንሳ አልኩት። በእጄ ነው ያዘዝኩት።”

“ስንት ሰዓት ቆየ እዚያ?”

“አንድ ደቂቃ።”

“አንድ ደቂቃ” አለች ቀስ ብላ። ተቀመጠች። “እናትህንም ጠይቄያቸው ነበር። ስሜን እንዳያነሱብህ ማለትህን እያለቀሱ ነገሩኝ። ከዚያ በቀብሩ ላይ ‘ስለመጡ’ አልከኝ። ያን ዕለት ማታ ለአባቴ እሺ አልኩ። ወድጄ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።”

ሽቦ መስታወቱን ተደግፎ ቆመ። “በማሽን አላሳብብም” አለ። “ከታች እስከዚህ አርባ ስምንት ደረጃ ነው። ያኔ ወጥቼ ‘ለምን?’ ልልሽ ይገባ ነበር። እምቢ እንዳልሽኝ ለማመን አንድ ባዶ ፎልደር በቃኝ። የጽዳቷን ልጅ እምቢ ማለት ያለ ነው ብዬ።”

“ለሚወርድም አርባ ስምንት ነው” አለች። “እኔም የዶክተሩ ልጅ ነበርኩ። ሲለምኑኝ እንጂ ለምኜ አላደግኩም።”

ከመስታወቱ ባሻገር አባቷ ስልክ እያወሩ እጃቸውን ያወራጫሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም።

“ጥሩ ሰው ነው?” አላት።

“በጣም። ዛሬ ክፉ ቢሆን በወደድኩ።” እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። “ውሰደው ወረቀቱን። ያንተ ነው፤ እኔ ቤት መግባት አይችልም። አሁን ደግሞ ሂድ፣ በእናትህ። ጥቂት ከቆየህ ሂድ የምልበት አቅም አይኖረኝም።”

በሩ ጋ ሲደርስ “ሽቦ” ብላ ጠራችው። ዞረ። ምንም አልነበራትም፤ ስሙን ብቻ ነበር ልትለው የፈለገችው።

ወረደ፤ ሥራውን ጨረሰ። አሮጌውን ፎቶ ወደ ሌላ ማከማቻ አዛወረ፣ ፕሮግራሙን አስነሳ፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው አንድ በአንድ እየተጠራ ቀለለ። መዝገብ ያዥዋ ምሳ እንብላ ብትለው እጇን ጨብጦ ይቅርታ ጠየቃት።

ውጭ ፀሐይ ነው። ከየቢሮው የወጣው ሰው እየተሳሳቀ ያልፋል። ሽቦ የአውቶቡሱ መቆሚያ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር እንደጎደለው ተሰማው፤ ቦርሳውን ዳበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ፤ ሁሉም አለ። የጎደለው ንዴቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተደግፎት ቆሟል፤ በእሱ ተነስቶ ሥራ ሄዷል፣ በእሱ እናቱን ቀብሯል። አሁን የለም፤ እግረኛ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

“ተወድጄ ነበር” አለ ለራሱ፣ ድምፁን አውጥቶ።

መጀመሪያ ደስታ መሰለው። እውነትም ደስታ ነበር፤ ሞቅ ብሎ ከደረቱ ተነስቶ እስከ ጉሮሮው ወጣ። ከዚያ “ነበር” የምትለዋ ቃል ደረሰች። አላፊ አግዳሚው እያየው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ለእናቱ ቀብር ያላለቀሰውን ጨምሮ።